ጌጁ 22 ላይ ሲቆም

መብራት ሄዷል። ይህን የምጽፈው በስልኬ ነው፤ በመሀል በመሀል የስልኩን መብራት ወደ ጌጁ፣ ጊታር ከምለጥፍበት ሣጥን ምን ያህል አየር እንደወጣ ወደሚያሳየው መለኪያ፣ እያዞርኩ መርፌውን አያለሁ። መብራት ሲሄድ 18 ላይ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሆኖታል፣ አሁን 17 ተኩል ገደማ ነው። ደስ ብሎኛል።

ፒያሳ፣ ከሰባ ደረጃ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጊታር እሠራለሁ። የጊታር ፊት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስፕሩስ የሚባል እንጨት ነው። የብረት ክር ሲታሰርበት ስድስቱ ክሮች በድምሩ 70 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። ያ ስስ እንጨት እንዳይጎብጥ ከውስጥ በኩል ቀጫጭን ዘንጎች ይለጠፉበታል። ዘንጎቹ በደንብ ካልተጣበቁ ጊታሩ ከዓመት በኋላ መንጫጨት ይጀምራል፣ ድምፁም ይሞታል። ስለዚህ ኮላው እስኪይዝ ድረስ በምን ይጫን የሚለው ጥያቄ ለእኔ ትልቅ ጥያቄ ነው።

እስካሁን የምጠቀመው የቀርከሃ ስንጥቅ ነበር። ከጠረጴዛው በላይ ጠንካራ ጣውላ አስሬ፣ ስንጥቁን አጉብጬ በጣውላውና በዘንጉ መካከል እወጥረዋለሁ። ለአንድ ጊታር ፊት ሃያ ምናምን ስንጥቅ ይፈልጋል። አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ግን አንዱ ስንጥቅ ከተንሸራተተ ስፕሩሱን ይወጋዋል። ስፕሩስ ደግሞ በጥፍር እንኳ የሚሰረጎድ እንጨት ነው።

ቫኪዩም ይህን ሁሉ ያስቀራል። ፊቱን ከነዘንጎቹ ጠርዙ በደንብ በተደፈነ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ ከላይ ላስቲክ ትዘረጋለህ፣ አየሩን በፓምፕ ታወጣለህ። የሚጫነው ፓምፑ አይደለም። ከላስቲኩ በላይ ያለው የሰማይ አየር ነው፤ በሁሉም ቦታ እኩል፣ ሳይንሸራተት።

መጀመሪያ ፓምፕ የተዋስኩት ግቢያችን ውስጥ ካሉ የፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ፍሪጅ ጋዝ ከመሙላታቸው በፊት መስመሩን ባዶ የሚያደርጉበት ባለ ዘይት ፓምፕ አላቸው። ጌጁ እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይቆጥራል። ለኮስኩት። መርፌው ሄደ፣ ሄደ፣ 22 ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

የሆነ ቦታ ያስተነፍሳል ብዬ ግማሽ ቀን የሳሙና ውሃ እየቀባሁ ቀዳዳ ፈለግሁ። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ደፈንኩት። ጎማውን ቀየርኩ። አሁንም 22።

«ጋሼ፣ ፓምፕዎ ደክሟል መሰለኝ» አልኳቸው።

መጥተው መርፌውን አዩና «አንተ ልጅ፣ ፓምፑ ምንም አልሆነም» አሉኝ። «እኔ አሰብ ስሠራ 30 ይጠጋ ነበር። እዚህ ከ22 ብዙ ካለፈ ጌጁን ነው የምጠረጥረው።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፒያሳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከላያችን ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ የሚፈላውም ለዚሁ ነው። አሰብ ላይ አየሩ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ያህል ይጫናል፣ እኛ ጋ 0.77 ገደማ። የዓለም ምርጡ ፓምፕ ቢመጣ የሌለ አየር ሊያመጣልኝ አይችልም። ያን ዕለት የምገዛውን ፓምፕ በተመለከተ ሐሳቤ ሁሉ ተገለበጠ። ከዚያ በፊት የምፈልገው በጣም ጠንካራውን ነበር።

ትልቁ ዘንግ 50 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ጌጁ 22 ላይ ሲሆን 31 ኪሎ ገደማ ያርፍበታል። 18 ላይ ሲሆን 25 ኪሎ። በደንብ ለተላገ ዘንግ 25 ኪሎ ይበቃዋል። በደንብ ላልተላገው ደግሞ 31ም አያድነውም፤ እዚያ መፍትሔው ፓምፕ ሳይሆን መላጊያ ነው።

የባለ ዘይቱን ነገር የጨረሰልኝ ግን ሌላ ቀን ነው። ኮላ ቀብቼ፣ ፓምፑ እየሠራ መብራት ሄደ። ሻማ ፍለጋ ወጣሁ። ስመለስ የላስቲኩ ሆድ ላልቷል፣ በጎማው ውስጥ ደግሞ ቢጫ ነገር ወደ ሣጥኑ እየተሳበ ነው። ፓምፑ ሲቆም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ባዶነት ዘይቱን ወደ ኋላ ስቦታል። ስፕሩሱ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ዘይት ተዘረጋ። በላጲስ አይለቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት አይለቅ፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ላይ ደግሞ ኮላ አይዝም። ያ እንጨት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ስንት ወር እንደጠበቅሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አመመኝ።

በኮምፕሬሰር አየር የሚሠራውን የቫኪዩም መሳቢያም አስቤው ነበር። ግን ኮላ እስኪይዝ ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ ሊቆይ ነው፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ አራስ አለች። ተውኩት። ከአሮጌ ፍሪጅ የተፈታ ሞተርም ከምናለሽ ተራ በርካሽ ይገኛል። ድምፅ የለውም፣ ጥሩ ይስባል። እሱም ግን ዘይት አለው፣ ከዘይት ጋር ደግሞ ተቆራርጫለሁ።

የገዛሁት ዘይት የሌለው ትንሽ የዲያፍራም ፓምፕ ነው፤ አየሩን የሚስበው ወዲያና ወዲህ በምትንቀሳቀስ የጎማ ሽፋን ነው። በደቂቃ 30 ሊትር ይስባል። ሻጩ «ይሄ ላንተ ያንስሃል» ብሎ ትልቁን ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር። የእኔ ሣጥን ግን 6 ሊትር አየር ነው የሚይዘው፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ 18 ይደርሳል። የተረፈኝን ብር ዙሪያው ላይ አዋልኩት። አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ገዛሁ። ከወፍራም የፍሳሽ ቱቦ ሁለቱን ጫፍ ደፍኜ ማጠራቀሚያ ሠራሁ፣ እሱም ባዶ ተደርጎ ይጠብቃል። ትንሽ አየር ሾልኮ ቢገባ ማጠራቀሚያው ይውጠዋል። ለጠርዙ የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ቆርጬ ለጠፍኩ። ይህን አንዱን ሥራ አራት ቀን ሠራሁት፤ እንደ ጠርዙ ያደከመኝ ነገር የለም።

ዛሬ ማታ የለጠፍኩት የዋንዛ ጀርባ ነው። ዋንዛ ከስፕሩስ ይልቅ ጠንካራ ነው፣ ለመጀመሪያ ሙከራ እሱን መረጥኩ። ፓምፑን ለኮስኩ፣ ላስቲኩ በዘንጎቹ ላይ ቁጭ አለ። አራቱም ዘንጎች ከላስቲኩ ሥር እንደ ጎድን አጥንት ጎልተው ወጡ። በዘንጎቹ ጎን ኮላው በቀጭኑ እየተጨመቀ ሲወጣ በስሱ ላስቲክ በኩል በጣቴ ይሰማኛል። ልክ በዚያው ሰዓት መብራት ጥፍት አለ።

እጄን ላስቲኩ ላይ እንዳደረግሁ ቆየሁ። አልላላም።

ከላስቲክ ሥር እርጥበቱ ቶሎ ስለማይወጣ ከወትሮው አስረዝሜ ልተወው ነው፣ እስከ ጠዋት። ጋሼ አሁን በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው «እንዴት ነው፣ ያዘ?» አሉኝ። መብራቱን ወደ ጌጁ አዞርኩላቸው። 17 ተኩል።