የሰሟ ጠብታ

ሰሞኑን ማንኩሳ ሄጄ ነበር። የእቴቴን ቤት ልናጸዳ። እቴቴ አያቴ ናት፤ ካረፈች ቆይታለች። ከቆጡ ላይ ሬዲዮዋን አወረድኩት። የቆዳ ልብሱ አቧራ ጠጥቷል፣ ማንጠልጠያው ተበጥሷል። ግን አፍንጫዬን ሳስጠጋው ያው የጥንቱ ጠረን ነው፤ ጭስና ቅቤ።

እኔ ያደግኩት ፍኖተ ሰላም ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ግን ወደ እቴቴ ነበር የምንላከው። ማንኩሳ ሩቅ አይደለም፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ያኔ በሰፈሩ ሬዲዮ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ የእቴቴ ሬዲዮ የእቴቴ ብቻ አልነበረም። ማታ ማታ መደቡ ይሞላል፣ ከብት ያስገባ ሁሉ እግሩን ታጥቦ ይመጣል፣ የቀረው ደጅ ላይ ድንጋይ ስቦ ይቀመጣል።

ድንጋይ ስል የባትሪው ድንጋይም ትዝ አለኝ። እቴቴ የደከመ ድንጋይ አትጥልም። አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ልክ እንደ በርበሬ። ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። እሱም አልሆን ሲል እኛ ልጆቹ በጥርሳችን ነከስ ነከስ እናደርገዋለን። ለአንድ ዜና ያህል ከበቃ ትልቅ ነገር ነው።

እቴቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ቁጥሮቹን ስለማታውቃቸው አንድ ቀን ጧፍ አብርታ፣ ድምፁ ጥርት የሚልበትን ቦታ ፈልጋ፣ መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ ሰም አኖረች። መርፌውን ከሰሟ ስር ካመጣኸው አዲስ አበባ ነው። በአጭር ሞገዱ መስመር ላይ ደግሞ ሌላ ጠብታ አለ። እሷ የጀርመን ድምፅ ናት። ጣቢያው በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ነው፣ እኛ ቤትም እንደ ቤተሰብ ነበር የሚታየው።

ቀን ቀን ሬዲዮው ሲንሾካሾክ ይውላል። ሲመሽ ይጠራል። ምክንያቱን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ቀን ፀሐይ የምታጠነክረው የታችኛው የአየር ንብርብር መካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል፣ ማታ ግን እሱ ይሳሳና ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር እየነጠረ ሩቅ አገር ይደርሳል። እቴቴ ግን ያኔውኑ «ሰው ሲተኛ መንገዱ ይከፈትለታል» ትለን ነበር። እስካሁን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ከሁሉ የማይረሳኝ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የእኛው ሰው ናቸው፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ያለው የእንዶዳም ልጅ። ያቺን ማታ ሬዲዮው «ማንኩሳ» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። የገዛ አገራችን ስም እኮ ነው፣ ከአዲስ አበባ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በዚያ በሚያምር ድምፅ ተጠርቶ የመጣው! ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ማንኩሳ እንደሚኖሩ ሲሰማ አንድ አዛውንት «የማን ልጅ ነው ይሄ ቦጋለ? ቤቱ የት ጋ ነበር?» አሉ። ሌላው የማን ዘመድ ሊሆን እንደሚችል ቆጥሮ አመጣ። ተከራከሩበት። ልብ ወለድ መሆኑን የሚያውቅም ነበር፣ ግን ያን ሰዓት ማንም አላነሳውም። ልጃቸው በዛብህ ለስለት ሲሰጥ እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

አንድ ክረምት የዘፈን ምርጫ ለሚያቀርብ ፕሮግራም ደብዳቤ ጻፍኩ። የእቴቴን ስም፣ የአጎቶቼን፣ የአክስቶቼን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ደረደርኩ። ሳምንት ጠበቅን። ወር ጠበቅን። በኋላ ተውነው። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ጎረቤታችን ወይዘሮ እንስራዋን እንዳዘለች እየሮጠች መጣች። «እቴቴ፣ ስምሽ ትናንት በሬዲዮ ተጠራ!» ትናንት የእኛ ድንጋይ አልቆ ነበር። እኔ ማልቀስ ቃጣኝ። እቴቴ ግን ሴትዮዋን አስቀምጣ፣ ቡና አፍልታ፣ ደግማ ደጋግማ አስነገረቻት፤ ማን ቀድሞ ተጠራ፣ አንባቢዋ ምን ብላ ጀመረች፣ ዘፈኑ የማን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመጣ ሰው ሁሉ ስትነግር፣ በገዛ ጆሮዋ እንደሰማች አድርጋ ነበር።

ዛሬ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ኤፍ ኤም 96.9 አለ፣ ጥርት ያለ። ደስ ይለኛል፣ ጋዜጠኞቹንም እወዳቸዋለሁ። ግን ሁሉም ሰው ጆሮው ላይ የራሱን ሰክቷል። የሰማውን ከጎኑ ላለው የሚያወራ አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ። ይሄ ያሳዝነኛል።

ማንኩሳ ያን ቀን ሱቅ ሄጄ አራት ድንጋይ ገዛሁ። ከፈትኩት፤ መንሾካሾክ ብቻ። መርፌውን ሰሟ ስር አድርጌ ተውኩትና ቤቱን መጥረግ ቀጠልኩ። አመሻሽ ላይ ድምፅ መጣ፣ መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ ሞላ ያለ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ያቺው ጎረቤታችን ናት፣ አሁን ምርኩዝ ይዛለች። ሰላም እንኳ አላለችኝም፤ ገባችና መደቡ ላይ፣ ጥንት ትቀመጥበት የነበረው ጥግ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ጨምረው እስቲ ልጄ» አለችኝ።