የመሀል ከተማ አፓርታማ ለኪራይ፦ ስሌቱ የሚዛባው የት ላይ ነው?

በአዲስ አበባ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ፣ ከፒያሳ እስከ ሳርቤት ባለው ክልል ቤት ገዝቶ ለማከራየት ለሚያሰላ ሰው የዚህ ዙር ማስታወሻ ይኸው። የዋጋና የኪራይ ቁጥሮቹ ለመለማመጃ የተያዙ ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን አስገቡ።

ዋጋው 12 ሚሊዮን፣ ስፋቱ 100 ካሬ፣ የወር ኪራዩ 60,000 ብር እንበል። ደላላው «በዓመት 720,000፣ 6 በመቶ ነው» ብሎ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ካሬውን ጠይቁ። 100 የተባለው ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና የሊፍቱን ድርሻ ጨምሮ ከሆነና የጋራው 20 በመቶ ከሆነ፣ ውስጡ 80 ነው። ያን ጊዜ የካሬ ዋጋ 120,000 መሆኑ ይቀርና 150,000 ይሆናል። ተከራይ የሚከፍለው ለሚኖርበት ክፍል ስለሆነ ሜትር ይዞ ገብቶ ከግድግዳ ግድግዳ መለካት ነው።

ቀጥሎ ከዋጋው ውጭ ያለው ወጪ ይመጣል። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ ማለትም 240,000። ለስም ማዛወሪያ፣ ለደላላና ለውል 260,000 ያዙ። ቤቱ በግማሽ ማጠናቀቅ የሚሸጥ ከሆነ ሴራሚኩ፣ ካቢኔቱ፣ በሩና ሳኒተሪው 1.5 ሚሊዮን ቢበላ አይግረማችሁ፤ አብዛኛው ዕቃ ከውጭ የሚገባ ነው፣ ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ነው የሚተመነው። ድምሩ 14 ሚሊዮን ሆነ። ከአልሚ የምትገዙ ከሆነ የተነገራችሁ ዋጋ ቫትን ይጨምር እንደሆነ፣ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽም እንዳለ ውሉ ላይ ፈልጉ። ማስተካከያው ጣሪያ ከሌለው የገዛችሁበትን ዋጋ ገና አታውቁትም ማለት ነው።

አሁን ገቢውን እንቀንስ። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ በዓመት አንድ ወር ባዶ ይሁን፦ 660,000 ቀረ። ለጥገና፣ ለጋራ አገልግሎት (ጥበቃ፣ ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ) እና ለጣራና ግድግዳ ግብር 60,000። የኪራይ ገቢ ግብር ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ቢሆንም ተቀናሾች ስላሉት 120,000 ብለን እንያዘው። በእጅ የሚገባው 480,000 ነው፤ ለ14 ሚሊዮኑ 3.4 በመቶ። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ራሱ 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። እንግዲህ ይህን ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ኪራዩን ሳይሆን የዋጋ ጭማሪውን ነው፤ ይህን አውቆ ቢገዛ ክፋት የለውም፣ ሳያውቅ ሲገዛ ነው ችግሩ።

ብዙው ሰው የሚሰናከለው ግን ብድሩ ላይ ነው። በ18 በመቶ ወለድ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ብር የወር ክፍያው በ10 ዓመት 18,019፣ በ15 ዓመት 16,104፣ በ20 ዓመት 15,433 ይሆናል። ከ15 ወደ 20 ዓመት ማራዘም በወር የሚያቀልለው 671 ብር ብቻ ነው፤ በጠቅላላው ግን በሚሊዮን 800,000 ብር ገደማ ያስጨምራል። ወለዱ እንዲህ ሲከብድ ጊዜ ማርዘም መፍትሔ አይሆንም፣ ቅድመ ክፍያ ማብዛት ነው። 6 ሚሊዮን በ15 ዓመት ብትበደሩ በወር 96,600 ትከፍላላችሁ። ከላይ ያለው የተጣራ ኪራይ በወር 40,000 ነው። 56,600 ብር በየወሩ ከደመወዝ ወይም ከሌላ ንግድ መውጣት አለበት። «ኪራዩ ብድሩን ይከፍለዋል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ባንኩ የሚያበድረው በተስማማችሁበት ዋጋ ላይ ሳይሆን በራሱ መሐንዲስ ግምት ላይ መሆኑም አይረሳ። 12 ሚሊዮኑን ቤት 9 ሚሊዮን ከገመተውና ግማሹን ከፈቀደ፣ የጠበቃችሁት 6 ሚሊዮን 4.5 ይሆናል። ስለዚህ ግምቱ ሳይታወቅ ቀብድ አይከፈልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። የግል ካርታው (የባለቤትነት ማረጋገጫው) ገና ካልወጣ ቤቱን በዋስትና ማስያዝ ስለሚያስቸግር ብድሩ ይጓተታል። ካርታው ካለም እዳና እገዳ ማጣራት፣ የመሬቱን የሊዝ ክፍያ ቀሪ መጠየቅ። በውክልና ብቻ የሚደረግ ግዢ ርካሽ መስሎ የሚታየው አደጋው ዋጋ ስላልወጣለት ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ካልተመዘገበ አይጸናም። ቤቱ የ20/80 ኮንዶሚኒየም (20 በመቶ በቁጠባ፣ 80 በመቶ በባንክ ብድር የሚከፈልበት የመንግሥት ቤት) ከሆነ የ5 ዓመት የሽያጭ ገደቡ ማለፉን አረጋግጡ።

የኪራዩን ቁጥር ስትገምቱም በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 አስቡት። ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ጭማሪም አከራይ እንደፈለገ የሚያደርገው አይደለም። የ6 ወር ቅድሚያ ተቀብሎ ፊኒሺንጉን የመጨረስ የድሮ ዘዴ ስለዚህ አይሠራም፤ 1.5 ሚሊዮኑ አስቀድሞ በእጅ መኖር አለበት። መነሻው ኪራይ ዝቅ ብሎ ከተዋዋላችሁ ደግሞ የዋጋ ንረቱ ሲሮጥ ኪራዩ ባለበት ይቆያል።

የኮሪደር ልማት ከሚነካቸው መንገዶች አጠገብ ያለ ቤት ላይ የቦታውን ፕላን ከክፍለ ከተማው ሳታዩ ዋጋ አትደራደሩ። የካዛንቺስና የፒያሳ ነባር ሰፈሮች እንዴት እንደተለወጡ ሁሉም አይቷል።