ጭንቅላቴ ውስጥ ጣት የለም

ሁለተኛ ክፍል ሂሳብ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ በጣት መቁጠርን ከክፍሌ ነቅዬ አጥፍቻለሁ ብዬ እኩራራ ነበር። የመደመር ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት «እጅ ወደ ኋላ!» እላለሁ። 62 ልጆች እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው ቀጥ ይላሉ። «በጭንቅላት ብቻ!» እጨምራለሁ። ለመለሰ ይጨበጨብለታል፣ የዘገየ ይታለፋል። ወደ ታች መደመር ስናስተምር «3 ይጻፋል፣ 1 በእጅ ይያዛል» እንላለን አይደል? ያንንም ያስተማርኳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አስይዤ ነው። የትኛው እጅ እንደሚይዘው የጠየቀኝ ልጅ አለመኖሩ እስካሁን ይገርመኛል።

ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ከሰዓት ፈረቃ። 8 + 5 ጽፌ በዴስኮቹ መሃል ስዘዋወር ጠመኔዬ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ከፊቴ አንድ ትንሽ ሸራ ጫማ አለ። ጫፉ ይንቀሳቀሳል። አውራ ጣቷ ከውስጥ ሸራውን ገፋ ያደርገዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይገፋዋል። መጀመሪያ ሽንቷ የመጣ መስሎኝ ነበር። ስከታተለው ግን ምት አለው። ስምንት ጊዜ ብላ ትንሽ አረፈች፤ ከዚያ አምስት ጊዜ። ቀና ስል እጇን አውጥታለች።

«ቲቸር፣ አስራ ሦስት!»

አስጨበጨብኩላት። ምን ላድርግ፣ ልክ ናት።

ደወል ሲደወል ጠራኋትና «በእግርሽ ነው እንዴ የምትቆጥሪው?» አልኳት። አይኗ እንባ አቀረረ። «በእጅ አይቻልም ስላሉ ነው።» «በጭንቅላትሽ አስቢ አላልኩም?» ጥቂት ዝም አለችና፣ ልክ የጠፋ እርሳስ እንደፈለገች ሁሉ፣ «ጭንቅላቴ ውስጥ ጣት የለም» አለችኝ።

እዚያው ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልነበረም። ለሦስት ዓመት «በጭንቅላት» ስል፣ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ለአንድም ልጅ ነግሬ አላውቅም። የከለከልኩት ነገር አለ፤ በምትኩ የሰጠሁት ግን የለም።

በማግስቱ «እጅ ወደ ኋላ» ሳልል ዝም ብዬ አየኋቸው። አንዱ በምላሱ ጥርሶቹን ይቆጥራል። አንዷ በአንገቷ ትነቀንቃለች። የኋላው ዴስክ ላይ በምስማር የተጫሩ መስመሮች አሉ፤ ባለጌ ልጅ ያበላሸው ነበር የሚመስለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሲቆጥር ኖሯል። መቁጠራቸው አይደለም ያሳሰበኝ፤ አቆጣጠራቸው ነው። 3 + 8 ሲባሉ እንኳ ከ1 ተነስተው ሦስት ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ስምንት ይደርቡበታል። ጣት ፈቅጄላቸው «ከትልቁ ተነሱ፤ ስምንትን በአፋችሁ ያዙ፣ ሦስቱን ብቻ በጣት» ስላቸው፣ ይህ በአንድ ሳምንት ተስተካከለ። እጃቸው ታስሮ ቢሆን ስህተቱን እንኳ አላየውም ነበር።

መምህራን ክፍል ውስጥ ይህን ሳወራ አንድ አንጋፋ የአምስተኛ ክፍል ሂሳብ መምህር ሻያቸውን አስቀምጠው «ጣት አስለምደሽ ወደ እኔ ትልኪያቸዋለሽ ማለት ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ለጊዜው እኮ ነው» አልኩ። «ለጊዜው የተባለው ሁሉ አምስተኛ ክፍል ይመጣል።» ተናደድኩ፤ ግን እውነት አላቸው። 27 + 38ን በጣት የሚጨርስ ልጅ ደወሉ ይቀድመዋል።

መፍትሔው የተገኘው ከእንቁላል ነው። 30 እንቁላል የሚይዘው የወረቀት ማስቀመጫ 5 በ6 ነው። በስድስቱ በኩል ሁለት ሁለት እያደረጉ ቢቆርጡት ሦስት ቁራጭ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ ሁለት ረድፍ፣ አምስት አምስት ጎድጓዳ፣ በድምሩ አስር። ከሰፈር ሱቆች 11 ባዶ ለመንኩና በምላጭ ቆርጬ 33 አደረግኳቸው፤ ለሁለት ለሁለት ልጅ አንድ ደረሰ። «ለእያንዳንዱ ጥንድ 20 ቆርኪ አምጡ» አልኩ። ይህን ስል አላሰብኩበትም። በማግስቱ አንድ አባት በር ላይ ጠበቁኝ፤ ልጃቸው ግሮሰሪ በር ላይ የቢራ ቆርኪ ስትለቅም ጎረቤት አይቷት ነገራቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ። ቆርኪው ግን መጥቷል፣ አልመለስኩትም።

ባለ ሸራ ጫማዋ ልጅ ስምንት ቆርኪ በጎድጓዶቹ ደረደረች። አምስቱ በመዳፏ ናቸው። ሁለት ጎድጓዳ ባዶ ነው። ከመዳፏ አንዱን ጣል አደረገች፣ ሁለተኛውን ጣል አደረገች። «ሞላ» አለች። መዳፏን ከፍታ የቀሩትን አየች፤ ሦስት ናቸው። «አስር... ሦስት። አስራ ሦስት።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «አስራ ሦስት ማለት አስር እና ሦስት ነው እንዴ?»

ዕድሜ ልኬን ያልኩትን ቃል ሰምቼው አላውቅም ነበር። አማርኛችን መልሱን በስሙ ውስጥ ይዞታል። ቤቱ ኦሮምኛ የሚነገርበት አንድ ልጅ ወዲያው «ኩዳ ሰዲ!» ብሎ ጮኸ፤ እሱም ያው አስር ከሦስት ነው። መምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ላይም ፲፫ ሲጻፍ አስሩ ፲ ከነሦስቱ ፫ ቆሟል። የእህቴ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ሂሳብ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ሰርቲን እና ሰርቲ እያምታታበት 13ን 30 ብሎ ይጽፋል። ልጁ ሰነፍ መስሎኝ እቆጣው ነበር።

ካርቶኑን ግን ቸኩዬ ነጠቅኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት «አሁን አይናችሁን ጨፍናችሁ ካርቶኑን እዩት» ብዬ 9 + 6 ጠየቅኩ፤ ግማሹ ክፍል 16 አለኝ። ዘጠኙን በአንድ ሞልተው አስር አድርገዋል፤ አንዱን ከስድስቱ እንዳመጡት ግን ረስተዋል። ካርቶኑን መለስኩና እያንዳንዷን ቆርኪ ሲያነሱ ከየት እንዳነሷት ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረግኩ። «ከስድስቱ አንድ ሰረቅኩ፣ አምስት ቀረ» ማለት ጀመሩ። «ተበደርኩ» እንዲሉ ፈልጌ ነበር፤ ግን ያ ቃል ለመቀነስ ይፈለጋል፣ በዚያ ላይ ስርቆቱን ወደውታል። 16 የሚለው መልስ እየቀነሰ ሄደ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

መንትዮቹን፣ 6 ከ6፣ 7 ከ7 ያሉትን፣ ለማስተማር ብዙ አልለፋሁም። በግጥም መልክ ራሳቸው ያዙት።

ሰኔ ላይ በቃል ስፈትናቸው 6 + 7 ብዬ ባለ ሸራ ጫማዋ ልጅ ጋ ደረስኩ። ጫማው ያው ነው፤ አሁን ጫፉ ተቀዶ አውራ ጣቷ ብቅ ብሏል። ሁለቱ እጆቿ ዴስኩ ላይ ተዘርግተዋል። «ስድስት ከስድስት አስራ ሁለት» ብላ አንሾካሾከች። አውራ ጣቷ አንዴ ብቻ ከፍ አለች።

«አስራ ሦስት።»

እንዳላየሁ ሆኜ ወደ ቀጣዩ ልጅ አለፍኩ።