እግሬን ያላየልኝ ሐኪም

መድኃኒት ላስፈራራችሁ አይደለም የምጽፈው። ድባቴ ይዞኝ ነበር፣ መታከም ነበረብኝ፣ ታከምኩ። ዛሬም መድኃኒት እወስዳለሁ። ግን ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት ስጀምር አንድ ሰው «እግርሽን ልብ በይው» ቢለኝ ኖሮ ስንቱ ነገር በቀረልኝ!

አጀማመሩ ቀላል ነበር። ሐኪሙ ጠየቀ፣ መለስኩ፣ 20 ሚሊ ግራም በቀን አዘዘልኝ። ማቅለሽለሽ መጣ። የታወቀ ነው፣ አልገረመኝም። ለሱም ሜቶክሎፕራማይድ ተጨመረልኝ። ይቺን ሁለተኛዋን መድኃኒት ያዙልኝ፣ ኋላ እመጣባታለሁ።

ከዚያ መቀመጥ አቃተኝ።

የምሬን ነው፣ መቀመጥ። ቁጭ ስል ከጉልበቴ በታች አንዳች ነገር ተነሺ ተነሺ ይለኛል። ተነስቼ ስንቆራጠጥ ትንሽ ይለቀኛል። ቆሜም አላርፍም፣ አንዱን እግር ሳነሳ ሌላውን ስጥል ነው። ምግብ እየበላሁ እነሳለሁ። ሰው እያናገረኝ እነሳለሁ። ሌሊት ሰው ሲተኛ እኔ ኮሪደር ለኮሪደር እመላለሳለሁ። ጭንቀትን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ፣ አብሮኝ ያደገ ነው። ጭንቀት ሲመጣብኝ የምፈራው ነገር አለኝ። አሁን ምንም የምፈራው ነገር አልነበረም። እያደር ግን «ይሄ ካልቆመ መኖርም ይቅርብኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣብኝ ጀመር። ድባቴው በጠናብኝ ሰዓት እንኳ እንዲህ አስቤ አላውቅም።

ሐኪሙ ጋ ተመለስኩ። «መረጋጋት አቃተኝ፣ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ» አልኩት። ቀና ሳይል እየጻፈ ሰማኝ። «ጭንቀትሽ ገና አልለቀቀሽም። አይዞሽ፣ መጠኑን ከፍ እናደርገዋለን።» 40 ሚሊ ግራም። ይህን ሁሉ ስንነጋገር እኔ ቆሜ ነው። እንዲያውም መሀል ላይ «ቁጭ በይ እንጂ» ብሎኛል! ቁጭ ማለት አቃተኝ ብላ የመጣችውን ሴት! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከወረቀቱ ቀና ብሎ ወደ ታች አንዴ ቢያይ በቂው ነበር።

40ው ምን እንዳደረገኝ መገመት አያቅታችሁም። ያኔ እህቴ ሳታስፈቅደኝ በስልኳ ቀረጸችኝ። ሶፋ ላይ ተቀምጬ እግሬ መሬቱን ሲረግጥ፣ ስነሳ፣ ስቀመጥ፣ ደግሞ ስነሳ። ቪዲዮውን ይዘን ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ አየችው፣ ከዚያ አስቀምጣ ዝም ብላ ተመለከተችኝ፣ ቀጥላ አስቁማ ተመለከተችኝ። ይህ የራሷ ፈጠራ አይደለም። ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የባርንስ መለኪያ የሚባል ነገር አለ። በሽተኛውን ቁጭ አድርጎ ማየት፣ አስቁሞ ማየት፣ ከዚያ ምን እንደሚሰማው መጠየቅ። ማሽን አይፈልግ፣ ደም አይቀዳ። ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው።

«አካቲዥያ ነው» አለችኝ፤ መድኃኒት የሚያመጣው አርፎ መቀመጥ ያለመቻል ማለት ነው። ይበልጥ የሚታወቀው በሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) መድኃኒቶች ነው፣ ለድባቴ መድኃኒት ሲሆን ብዙ ሐኪም ትዝ አይለውም። እንዳስረዳችኝ ፍሉኦክሰቲን ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ይጨምራል፤ እሱ ሲጨምር ደግሞ፣ እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን የሚባለውን የሌላውን ኬሚካል ሥራ ሊጫነው ይችላል። ያቺ የማቅለሽለሽ መድኃኒቴስ? ሜቶክሎፕራማይድ ዶፓሚንን በቀጥታ ነው የምትዘጋው። በዚያ ላይ ፍሉኦክሰቲን ጉበት እሷን የሚያስወግድበትን ኢንዛይም ያዳክማል። ሁለቱን አንድ ላይ የሰጠኝ ያው አንድ ሰው ነው።

ሜቶክሎፕራማይዷ ወዲያው ቆመች። ፍሉኦክሰቲኑ ተቀንሶ ቆመ። አስም እንደሌለብኝ ከጠየቀችኝ በኋላ ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ጨመረችልኝ፤ እረፍት ማጣቱን ያበርዳል፣ አስም ላለበት ግን አይሆንም። ግን ነገ እድናለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ፍሉኦክሰቲን ከቆመም በኋላ ለሳምንታት ከሰውነት አይወጣም። ቀስ እያለ ነው የለቀቀኝ።

ምክሬን ስሙኝ። የመድኃኒቱ ወረቀትም ፋርማሲውም «የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቸግራል፣ ታገሺ» ይላሉ። ለማቅለሽለሽና ለራስ ምታት እሺ፣ እኔም ታገሡ እላለሁ። አላስቀምጥ ለሚለው ለዚህኛው ግን አትታገሡ፤ የዛኑ ዕለት ደውሉ። የሞት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በራሳችሁ ድንገት ማቋረጥም መፍትሔ አይደለም። በተለይ ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን የሚባሉት የድባቴ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ሌላ መከራ ያመጣሉ፣ አካቲዥያው ራሱ ሊመጣ ይችላል።

ሐኪም ፊት «ተጨንቄያለሁ» የሚለውን ቃል ጭራሽ አታንሱ። ካነሣችሁ ሌላውን አይሰማችሁም። «ስቀመጥ ይብስብኛል፣ ስራመድ ይለቀኛል፣ የጀመረው መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ነው» በሉ። የሚብሰው ማታ ጋደም ስትሉ ብቻ ከሆነ ሌላ የእግር ችግር ሊሆን ስለሚችል ሰዓቱንም ንገሩ። ለጨዋነት ብላችሁ እግራችሁን ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ይታይ። ቪዲዮ ያዙ። ጥርስ መንከስና የእጅ መንቀጥቀጥም ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ይመጣል፤ እኔ ጥርሴን እነክስ ነበር፣ ከሌላው አንጻር ቁብም አልሰጠሁት።

አሁን ሌላ መድኃኒት ላይ ነኝ፤ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ነው የጨመረው። ካርዴ ላይም «በፍሉኦክሰቲንና በሜቶክሎፕራማይድ አካቲዥያ» ብላችሁ ጻፉልኝ አልኩ። ካርድ ክፍሏ ልጅ፣ ቦታ ያለው ለአለርጂ ብቻ ነው፣ ይሄ ደግሞ አለርጂ አይደለም አለችኝ። እሱን እኔም አውቃለሁ፤ እዚያው ጻፊልኝ አልኳት። አንድ ቀን አስታውኬ ድንገተኛ ክፍል ብገባ፣ ቀድሞ በመርፌ የሚሰጡኝ ያችኑ ሜቶክሎፕራማይድ ሊሆን ይችላል።