ከ223ኛው ዓምድ ማዶ

የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ የኮምፒውተሬን ገጽ የሚያሳየውን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን እያየ፣ «አቦ፣ የማውስህ ባትሪ አልቆ ይሆናል» መባሌ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ይህን ያሉኝ የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ናቸው። አነጋገራቸው በድሬዳዋ ወግ ፍቅር የተሞላበት ነበር፤ የከነከነኝም እርሱ ነው፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሰርቨሩን ሁለት የማዋቀሪያ ፋይሎች፣ የአምናውን በግራ የዘንድሮውን በቀኝ አድርጌ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚቀበለው መስኮት (ተርሚናል) ውስጥ በሚሠራው ቪም በተባለ የጽሑፍ ማረሚያ (ኤዲተር) ከፍቻለሁ። ሁለቱም ጎን ለጎን እንዲታዩ ፊደሉን ስላሳነስኩት የተርሚናሉ ስፋት 240 ዓምድ፣ ማለትም በአንድ መስመር 240 ፊደል፣ ደርሷል። በግራው ፋይል ላይ ጠቅ ሳደርግ የጽሑፉ ጠቋሚ ያለ ማንገራገር ይመጣል፤ በቀኙም ቢሆን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ይታዘዛል። ኃላፊዋ «እስቲ ያቺን ዳር ላይ ያለችውን ቁጥር አሳየን» ያሉኝ ጊዜ ግን ጠቅ ባደርግ፣ ደግሜ ጠቅ ባደርግ፣ ጠቋሚው ካለበት ንቅንቅ አላለም። ባትሪ ተቀየረ። ከጎረቤት ቢሮ ሌላ ማውስ መጣ። የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀሩ ገብተው ከማውሱ ሥር ንጹሕ ወረቀት አነጠፉ።

ማውሱ ግን ምን በወጣው! በተርሚናል ውስጥ የሚሠራ ኤዲተር ማውስ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጠቅታውን የሚቀበለው ተርሚናሉ ሲሆን፣ ከቁልፍ ሰሌዳ የተተየበ አስመስሎ ለፕሮግራሙ ይልክለታል። ኤክስተርም ከተባለው የተርሚናል ፕሮግራም በተወረሰው አሮጌ ሥርዓት የዓምዱ ቁጥር የሚላከው በ1 ባይት ነው፤ ባይት ከ255 አያልፍም፤ ከመቆጣጠሪያ ምልክቶች ጋር እንዳይምታታ ደግሞ በቁጥሩ ላይ 32 ይደመርበታል። የሚተርፈው 223 ነው። ኤስጂአር የተባለው አዲሱ ሥርዓት ቁጥሩን በአሃዝ ዘርዝሮ ስለሚጽፍ ይህ ወሰን የለበትም፤ ቪም ግን ተርሚናሉን ማንነቱን ጠይቆ አጥጋቢ መልስ ካላገኘ በአሮጌው ይቀጥላል፤ የእኔም ዕጣ ይኸው ሆነ።

ከ224 እስከ 240 ያለው የ17 ዓምድ ግዛት በቢሮአችን «ደቻቱ ማዶ» ተብሎ ተሰይሟል። የድሬዳዋን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ እንኳ ድልድይ አለው፤ ይህኛው የለውም። ፋይል የጠፋበት ሠራተኛ «ደቻቱ ማዶ ተሻግሮ ይሆናል» ይላል። ያልተወራረደ ሒሳብ ደቻቱ ማዶ ነው፤ የዘገየ የዓመት ፈቃድ ደቻቱ ማዶ ነው፤ ሻይ የምታፈላልን ልጅ ስኳር ባለቀ ቁጥር ወደ እኔ ዞራ ትስቃለች።

ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ስለ ጽሑፍ መቅዳትም ልናገር። ኤዲተሩ ማውሱን ከተረከበ በኋላ በተለመደው መንገድ ጽሑፍ መርጦ ለመቅዳት በብዙ ተርሚናሎች ሺፍትን፣ አይተርም 2 በተባለው የማክ ተርሚናል ኦፕሽንን፣ በማክ የራሱ ተርሚናል ደግሞ ኤፍኤንን መያዝ ያስፈልጋል። በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው ጣቶቹን የት ያድርጋቸው? በዚያ ላይ ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት በመካከል ሲቋረጥ ኤዲተሩ የማውሱን ክትትል ሳያጠፋ ስለሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ ጠቅ በተደረገ ቁጥር ተርሚናሉ ላይ «0;61;14» የመሰለ ነገር በራሱ ይተየባል፤ ይህንን ያየ ባልደረባ ቫይረስ ነው ብሎ ለሰዉ ሁሉ ከማውራቱ በፊት ሪሴት የሚለውን ትእዛዝ ማስገባት ይገባል።

ስብሰባው ከተበተነ በኋላ በቪም ውስጥ ቲቲማውስ የተባለውን ምርጫ ኤስጂአር አደረግሁት፤ ጠቋሚውም እስከ መጨረሻው ጠርዝ ሄደ፤ ያየ ሰው ግን አልነበረም። በማግስቱ የደረሰኝ የግዢ መጠየቂያ ቅጽ ነው፦ ማውስ፣ ገመድ አልባ፣ ብዛት 1። «ምክንያት» በሚለው ሥር «የቀድሞው ወደ ቀኝ አይሠራም» ተብሎ ተሞልቷል። «ተረካቢ» በሚለው ላይ ፈረምኩ።