ከርቴይል፦ ጭራ የተቀጠለለት ቃል

የእንግሊዝኛ ቃላት ጥናቴ "ማሳጠር" የሚሉት ግሶች ላይ ደርሷል። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ሾርትን፣ አብሪቪዬት፣ አብሪጅ፣ ከርቴይል ሁሉም "አሳጠረ" ተብለው ይታለፋሉ። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ግን አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ስለዚህ ከመሸምደድ ይልቅ የቃሎቹን ዘር መቁጠር ይዣለሁ።

አብሪቪዬትና አብሪጅ ብዙም አያስቸግሩም። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እናታቸው "ብሬቪስ" የሚለው የላቲን ቃል ነው፣ አጭር ማለት። አብሪጅ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ስለገባ መልኩ ተለወጠ እንጂ ከድልድዩ "ብሪጅ" ጋር አይዛመድም። "ትምህርት ቤት"ን "ት/ቤት" ብሎ መጻፍ አብሪቪዬት ነው። ወፍራም ልቦለድ ለተማሪ እንዲመች ቀንሶ ማሳተም ደግሞ አብሪጅ። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ግን ኮንግረስ የመናገር ነፃነትን "አብሪጅ" የሚያደርግ ሕግ እንዳያወጣ ይከለክላል። እዚያ ጋ "መሸራረፍ" ብለን ብንይዘው ይሻላል።

ጉዱ ያለው ከርቴይል ላይ ነው። መጨረሻው "ቴይል"፣ ማለትም ጭራ ስለሆነ "ጭራ መቁረጥ" ከሚል የተገጣጠመ ይመስላል። አይደለም። ምንጩ "ከርታል" ነው፤ ድሮ ጭራው የተቆረጠ ፈረስ የሚጠራበት ስም። ይህም በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ "ኩርቱስ" ወደሚል የላቲን ቃል ይመለሳል፤ የተቆረጠ፣ አጭር ማለት ነው። ጭራ የሚል ነገር በውስጡ የለም። ሰው ግን ቆራጣውን ፈረስ እያየ የቃሉን መጨረሻ "ቴይል" አደረገው። ጭራ ለሌለው ፈረስ በስሙ ጭራ ቀጠሉለት በሉት!

አጠቃቀሙም እንግዲህ ወደ መቁረጡ ያደላል። ቀሚስና ሱሪ በከርቴይል አያጥሩም፤ ለእነሱ ሾርትን አለ። ከርቴይል የሚሄደው ከወጪ፣ ከሥልጣን፣ ከመብት ጋር ነው። ባለሥልጣን ጉብኝቱን አቋርጦ ሲመለስም ዜናው ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ ደብተሬ ላይ "ቀነሰ፣ ገደበ፣ አቋረጠ" ብዬ አስፍሬዋለሁ፤ "አሳጠረ"ን ሰርዣለሁ።

ቀጣዩ ተረኛ ትራንኬት ነው። ዘሩ ግንድ ከሚል የላቲን ቃል ይመዘዛል። ስልካችን ላይ ረጅም ርዕስ መጨረሻው ተቆርጦ በሦስት ነጥብ ሲቀር፣ ያ ትራንኬት ነው።