በእናት ነው በአባት?

ነገ የአባታችን አርባ ነው። ቤቱ ሽር ጉድ እያለ እኔ አንድ ነገር ሆዴን ይበላኛል።

የቀብሩ ማግስት ነው። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ወንድሜን በዓይናቸው እየተከተሉ፣ «ልጄ፣ ይሄ ወንድምሽ በእናት ነው በአባት?» አሉኝ።

«በአባት» አልኩ። ቶሎ ብዬ።

ለካ የንፍሮ ትሪ ይዞ ከኋላችን ቆሟል። ምንም አላለም። «ዝገኑ እማማ» ብሎ ትሪውን ዝቅ አደረገላቸው።

አልዋሸሁም። ግን ቆጨኝ። እስካሁንም ይቆጨኛል።

«ወንድም» የመጣው «ወልደ እም» ከሚለው ግዕዝ ነው ይባላል፤ የእናት ልጅ ማለት ነው። ግዕዝ ራሱ ወንድምን «እኁ» ነው የሚለው። ትግርኛም «ሓው» ይላል። አማርኛ «እኅት»ን ከግዕዝ እንዳለ ወስዶ ለወንዱ ሲሆን እናትን ጠራ። በዚህ ከሄድን በአባት ብቻ የሚዛመድ ሰው ወንድም ባልተባለ ነበር። ማን እንዲህ ይላል? ግማሽ ወንድም ብሎ ነገር በቋንቋችን የለም። «በአባት» የምትለዋ የምትመጣው ሰው ሲጠይቅ ብቻ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለውርስ የሟችን ልጆች እኩል ነው የሚያያቸው።

ከደብረ ብርሃን እኛ ቤት ሲመጣ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ አራት ነበርኩ። እናቴ ያን ቀን «ወንድምጋሼ በይው» አለችኝ። እስከ ዛሬ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ስታጎርሰን ከእሱ ነበር የምትጀምረው። ሳኮርፍ «ታላቅሽ አይደል?» ትለኛለች። ጎረቤት «እነዚህ ልጆች ጠባያቸው አይመሳሰልም» ሲላት መልሷ አንድ ነው፤ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር»። ከሆዷ ያልወጣውንም ጨምራ።

እኔ ታዲያ ያቺን አንዲት ቃል ከየት አመጣኋት?

ማታ ጓዳ ቁጭ ብለን ለነገው ሽንኩርት ስንልጥ፣ «ወንድምጋሼ፣ ያን ቀን ድንኳን ውስጥ...» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱን ቀን?» አለኝ፣ ቀና ሳይል። ሰምቶኛል። አውቃለሁ።

«ለሴትዮዋ የመለስኩላቸው...»

«ተይው እስቲ» አለና የላጥኩትን ሽንኩርት ከፊቴ ሰብስቦ መክተፍ ጀመረ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሽንኩርት ዓይኔን ክፉኛ ያቃጥለኛል።